በውሸት የተገኘ ፓስፖርት እና የዊልያም ጆይስ ስቅላት

ጥያቄው፦ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከበርሊን ሬዲዮ ለእንግሊዝ ሕዝብ በእንግሊዝኛ ይናገር የነበረው ዊልያም ጆይስ የተወለደው አሜሪካ መሆኑን አነበብሁ። የእንግሊዝ ዜጋ ካልነበረ እንግሊዝን ከዳህ ተብሎ እንዴት ሊሰቀል ቻለ? ሚስቱም አብራው ትናገር ነበር ይባላል። እርሷስ?»

ጥያቄዎ ተራ ጥያቄ አይደለም። የጆይስ ጠበቃም ይህንኑ ጥያቄ ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ነበር፤ በመጨረሻው ይግባኝ ከተሰየሙት አምስት ዳኞችም አንዱ ከባልደረቦቹ ተለይቶ «አይሆንም» ብሏል። የወንጀል ሕግ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን እንደዚህ ያከራከረ ጉዳይ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን ላስቀድም። ጆይስ የተሰቀለው እንግሊዛዊ ስለነበረ አይደለም፤ እንግሊዛዊ አለመሆኑን ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ተቀብለዋል። የተሰቀለው «እንግሊዛዊ ነኝ» ብሎ ዋሽቶ ያወጣው ፓስፖርት ጊዜው ሳያበቃ ለጠላት በመሥራቱ ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ ወር ከመንፈቅ ገደማ ብቻ ነው የተቆጠረበት። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ለተናገረው አንድም ቃል አልተቀጣም።

ነገሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው «አገር ክህደት» በሚለው ቃላችን ምክንያት ይመስለኛል። እኛ አገር ካጂ ስንል የምናስበው አፈሩን፣ ወገኑን፣ የአባቱን ደም የሸጠ ሰው ነው። «ባንዳ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያን ከአገሬው ሰው መልምሎ ያሰለፋቸው ጭፍሮች መጠሪያ ነበር። አንድን ሰው ባንዳ ለማለት መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ እንጠይቃለን። ጆይስ የተዳኘበት ሕግ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሕጉ በ1351 በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን የወጣ ሲሆን ወንጀሉ በአፈር ላይ ሳይሆን በንጉሡ ላይ የሚፈጸም ነው፤ በግዛቱ ውስጥ «ወይም በሌላ ስፍራ» ለንጉሡ ጠላቶች መርዳትንና ማገዝን ይከለክላል። ከዚህ ሕግ ጎን የቆየ አንድ መርሕ አለ፤ ንጉሥ የሚጠብቀው ሰው ለንጉሡ ታማኝነት አለበት። ስለዚህ ሎንዶን ውስጥ የሚኖር የባዕድ አገር ነጋዴ እዚያ እስካለ ድረስ በእንግሊዝ ሕግ ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ንጉሡን ቢወጋ በክህደት ይጠየቃል። ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ግን ታማኝነቱም አብሮት ይወጣል። ጥያቄው «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሆን «በማን ጥላ ሥር ነበርህ?» ነው። የጆይስን ጉዳይ በዚህ ዓይን ካዩት መንገዱ ይገለጥልዎታል።

ጆይስ በኤፕሪል 1906 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ አየርላንዳዊ ሲሆኑ በ1894 የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ነበር፤ ስለዚህ ልጁ በትውልድም በአባቱም አሜሪካዊ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አየርላንድ ተመለሰ፤ ያደገውም ጎልዌይ በምትባለው የምዕራብ አየርላንድ ከተማ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ በሎንዶኑ ቤርክቤክ ኮሌጅ እንግሊዝኛ አጥንቶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በ1924 በአንድ የምርጫ ስብሰባ ላይ በምላጭ ተቆርጦ ከቀኝ ጆሮው እስከ አፉ የሚደርስ ጠባሳ ተረፈው። ከዚያ በኦስዋልድ ሞዝሊ የፋሺስት ማኅበር ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆነ። አይሁድን በመጥላት ማንም አይተካከለውም ነበር። ይህን የምለው ቀጥሎ የፍርዱን ድካም ስናገር ለሰውየው የማዝን እንዳይመስልብኝ ነው።

በጁላይ 1933 ጆይስ የእንግሊዝ ፓስፖርት ለማውጣት ማመልከቻ ሞላ። በትውልዱ የብሪታንያ ተገዥ እንደሆነና ጎልዌይ እንደተወለደ ጻፈ። ውሸት ነበር፤ ግን ማንም አልመረመረውም፤ ፓስፖርቱ ለአምስት ዓመት ተሰጠው። በ1938 ለአንድ ዓመት አሳደሰው። ከዚያ በኦገስት 24 ቀን 1939፣ ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ እንደገና ለአንድ ዓመት እንዲታደስለት ጠየቀ፤ ታደሰለት። ከሁለት ቀን በኋላ ከሚስቱ ከማርጋሬት ጋር ወደ ጀርመን ሄደ። የፓስፖርቱ ዘመን የሚያበቃው በጁላይ መጀመሪያ 1940 ነበር። ይህችን የመጨረሻ እድሳት አጥብቀው ይያዙልኝ፤ አንገቱ የገባባት ገመድ እርሷ ናት። ያኔ ፓስፖርቱን ሳያሳድስ ቢሄድ ኖሮ ክሱ የሚቆምበት መሬት ባልኖረው ነበር።

በሴፕቴምበር 18 ቀን 1939 የጀርመን ሬዲዮ የእንግሊዝኛ ዜና አዘጋጅና አንባቢ አድርጎ ቀጠረው። ጀርመኖች በሰጡት የሥራ ደብተር ላይ ዜግነቱ ታላቋ ብሪታንያ ተብሎ ተመዘገበ። በሴፕቴምበር 1940 የጀርመን ዜግነት ወሰደ። «ጀርመን ትጣራለች» እያለ በአፍንጫው በሚወጣ ድምፅ ስርጭቱን ይጀምር ነበር፤ እንግሊዞች «ሎርድ ሆ ሆ» ብለው ይጠሩታል። ቅጽል ስሙን አንድ ጋዜጠኛ መጀመሪያ ያወጣው ለሌላ ተናጋሪ ነው ይባላል፤ በኋላ ግን ለእርሱ ተለጠፈ። የመጨረሻውን ንግግር በኤፕሪል 30 ቀን 1945 ከሃምቡርግ አሰማ፤ ቅጂው ስላለ ሰክሮ ምላሱ ሲተሳሰር ዛሬም ይደመጣል።

የተያዘበትን ሁኔታ ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። በሜይ 28 ቀን 1945 በዴንማርክ ድንበር አጠገብ፣ ፍሌንስበርግ አቅራቢያ ባለ ጫካ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች ማገዶ ይለቅማሉ። አንድ ሰው ከዛፎቹ መሐል ወጥቶ እዚህ ጋ ተጨማሪ ጭራሮ አለ ብሎ በፈረንሳይኛ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ነገራቸው። እንግሊዝኛው ከአፉ ሲወጣ መኮንኖቹ ተያዩ፤ ያን ድምፅ ለዓመታት በሬዲዮ ሰምተውታል። ጄፍሪ ፔሪ የተባለው መኮንን ዊልያም ጆይስ አይደለህም ወይ ሲለው ሰውየው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መሣሪያ ሊያወጣ ነው ብሎ ታፋው ላይ ተኮሰበት። በኪሱ የነበረው ግን ወረቀት ነበር፤ ቪልሄልም ሃንሰን በሚል ስም የተሠራ የጀርመን ፓስፖርት። ፔሪ ራሱ ከናዚ ጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ወጣት ነበር። በእድሜ ልኩ አይሁድን ሲያብጠለጥል የኖረ ሰው በአይሁዳዊ እጅ፣ በገዛ ድምፁ ተያዘ።

አሁን ወደ ችሎቱ። ጆይስን ወደ ሎንዶን በአውሮፕላን ያመጡት በጁን 16 ቀን 1945 ነው። በዋዜማው፣ ጁን 15 ቀን፣ አዲስ የክህደት ሕግ ጸድቆ ነበር። ሕጉ አዲስ ወንጀል አልፈጠረም፤ የክህደት ክስ የሚታይበትን ሥነ ሥርዓት ከግድያ ክስ ጋር አንድ አደረገው። በዚህም ክህደትን ለማስረዳት ይጠየቅ የነበረው የሁለት ምስክሮች ደንብ ቀረ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ወዲያው ያዩታል።

ችሎቱ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የሎንዶን የወንጀል ፍርድ ቤት ከሴፕቴምበር 17 እስከ 19 ቀን 1945 ተካሄደ። ክሱን የመሩት ዋና ዐቃቤ ሕጉ ሃርትሊ ሾውክሮስ፣ ጠበቃው ጄራልድ ስሌድ፣ ዳኛው ታከር ናቸው። ክሶቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ጆይስ የብሪታንያ ተገዥ መሆኑን መሠረት ያደረጉ ነበሩ፤ ስሌድ የትውልድና የአባቱን የዜግነት ማስረጃ ሲያቀርቡ ፈረሱ፤ ዳኛውም በእነዚህ ነጻ እንዲሉት የሕዝብ ዳኞቹን፣ ጁሪ የሚባሉትን፣ አዘዙ። ሦስተኛው ግን በጥንቃቄ የተቀረጸ ነበር። «ተገዥ ስለሆንህ» አይልም፤ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 1939 እስከ ጁላይ 2 ቀን 1940 ድረስ «ታማኝነት እያለብህ» ለንጉሡ ጠላቶች ሠርተሃል ይላል። መነሻው ከሬዲዮው ጋር የተዋዋለበት ቀን ነው፤ መድረሻው የፓስፖርቱ ዘመን ያበቃበት ሰሞን።

በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ጆይስ በእርግጥ ተናግሯል ወይ? ያኔ ሬዲዮው ስሙን አይጠራም ነበር። ማስረጃው ያረፈው በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ነው። አልበርት ሃንት የተባለ የፖሊስ መርማሪ ቀደም ባሉት ዓመታት በፋሺስቶች ስብሰባ ላይ እየተገኘ ጆይስን ሲያዳምጥ ስለነበረ ድምፁን ለይቶ ያውቃል። ጦርነቱ በተጀመረ ወር ገደማ በደቡብ ጠረፍ ባለችው ፎክስቶን ከተማ ሳለ ሬዲዮ ሲከፍት ያ ድምፅ ዶቨርና ፎክስቶን ተደመሰሱ ሲል ሰማው። መርማሪው ደግሞ ፎክስቶን ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ነው የሚያዳምጠው። ቀኑን በትክክል አላስታወሰም፤ የሴፕቴምበር ወይም የኦክቶበር መጀመሪያ ነው አለ። በቀደመው ደንብ ቢሆን አንድ ጆሮ ብቻውን ሰው ባላሰቀለም ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን በቃ።

ከዚህ ወዲያ የቀረው የሕግ ክርክር ነው፤ እኔ ደጋግሜ የምመለስበትም እርሱ ነው። ሾውክሮስ እንዲህ አሉ። ፓስፖርት ተራ ወረቀት አይደለም፤ በንጉሡ ስም ለያዘው ሰው መንገድ እንዲከፈትለት፣ እርዳታና ጥበቃ እንዲደረግለት ባዕድ መንግሥታትን የሚጠይቅ ሰነድ ነው። ጆይስ ወዶና ፈልጎ በዚህ ጥላ ሥር ገብቷል፤ ጥላውን እስከያዘ ታማኝነቱንም ይዟል። ስሌድ መለሱ፦ ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ አሜሪካዊውን በባዕድ አገር የመጠበቅ መብት የለውም። በማታለል የተገኘ ፓስፖርት እውነተኛ ጥበቃ አይሰጥም። የሌለ ጥበቃ እንዴት ታማኝነትን ይወልዳል? ደግሞስ ባዕድ ሰው ከግዛቱ ውጭ ለሠራው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ምን ሥልጣን አለው?

ዳኛው ታከር ለጁሪው የሰጡት መመሪያ ወሳኝ ነበር። ጆይስ በኦገስት 24 ቀን 1939 ፓስፖርቱን ሲያሳድስ ታማኝነት እንደነበረበትና ከዚያ ወዲህም የተቋረጠበት ምክንያት እንደሌለ እንደ ሕግ ነጥብ ራሳቸው ወሰኑት። ለጁሪው የቀረው ተናገረ ወይስ አልተናገረም የሚለው ብቻ ሆነ። ጁሪው በ23 ደቂቃ ጥፋተኛ ነው ብሎ ተመለሰ፤ ሞት ተፈረደበት።

የመጀመሪያው ይግባኝ በኖቬምበር ውድቅ ሆነ። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ለመሄድ ደግሞ ጉዳዩ ለሕዝብ ከፍ ያለ ጥቅም ያለው የሕግ ነጥብ እንደያዘ የሚመሰክር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ዋና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። ሾውክሮስ ራሳቸው ሰጡ። ይህን ሁልጊዜ አከብርላቸዋለሁ። በዲሴምበር 18 ቀን 1945 አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ይግባኙ ወደቀ። አራቱ ዳኞች ጥበቃውን በማጭበርበር ማግኘቱ ለውጥ አያመጣም፤ ፓስፖርቱን እስከያዘ ከጥበቃው ተጠቅሟል፤ የመንግሥትን ህልውና የሚነካ ወንጀልም በባዕድ ምድር ቢፈጸም ይዳኛል አሉ። የተለዩት ሎርድ ፖርተር ናቸው። ፓስፖርት ታማኝነትን ሊያስከትል እንደሚችል አልካዱም። ነገር ግን ጆይስ ጀርመን ከገባ በኋላ ፓስፖርቱን ይዞት ቆይቶ ይሆን? ጥሎት ይሆን? ጥበቃውን ለመጠቀም ሐሳብ ነበረውን? ሲያዝ በእጁ አልተገኘም። ይህ የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለሆነ መወሰን የነበረበት ጁሪው እንጂ ዳኛው አልነበረም አሉ።

የእኔ አቋም ከፖርተር ጋር ነው። ጆይስ ለጀርመን ሬዲዮ ሊሠራ ተዋውሎ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ ከለንደን ጥበቃ ይፈልግ ነበር ማለት ይከብደኛል። ፓስፖርቱ ድንበር አሻግሮታል፤ ይህ እውነት ነው። ካሻገረው በኋላ ግን በጀርመን ሚኒስቴር ጥላ ሥር ነበር። ቢያንስ አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች ይህን እንዲመዝኑ ሊጠየቁ ይገባ ነበር። ምናልባት በ23 ደቂቃ ፋንታ በ40 ደቂቃ ያው ፍርድ ይሰጡ ይሆናል፤ በዚያ መጸው፣ ከተማው ገና ፍርስራሹን ሳያነሣ፣ ሌላ ውጤት መጠበቅ ይቸግራል። ቢሆንም የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ጥያቄ ለሚመለከተው ሳይቀርብ ቀርቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ሎርዶቹ በዲሴምበር ውጤቱን ብቻ አሰሙ፤ ጆይስ በጃንዋሪ 3 ቀን 1946 በዋንድስዎርዝ እስር ቤት ተሰቀለ፤ የፍርዱ ምክንያት የተነገረው በፌብሩዋሪ 1 ቀን ነው። ሰውየው ለምን እንደሚሞት የሚናገረው ጽሑፍ የወጣው ከሞተ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በብሪታንያ በክህደት ወንጀል ከተሰቀሉት የመጨረሻው እርሱ ነው።

ነጥቡ ይበልጥ እንዲታይዎ ከውቅያኖስ ማዶ ያለውን ተቃራኒውን ላሳይዎ። አይቫ ቶጉሪ በጁላይ 4 ቀን 1916 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደች አሜሪካዊት ናት። በ1941 የታመሙ አክስቷን ለመጠየቅ ጃፓን ሄዳ ሳለ ጦርነቱ ዘጋባት። የጃፓን ፖሊስ አሜሪካዊነቷን እንድትክድ ደጋግሞ ወተወታት፤ እምቢ አለች። በሬዲዮ ቶኪዮ በታይፕ ጸሐፊነት ስትሠራ ቆይታ፣ በ1943 መጨረሻ ምርኮኛ የነበረው አውስትራሊያዊው ሻለቃ ቻርልስ ከዘንስ መርጧት ሙዚቃ በሚቀርብበት ዝግጅት ላይ «ወላጅ አልባዋ አን» በሚል ስም መናገር ጀመረች። የአሜሪካ ወታደሮች «ቶኪዮ ሮዝ» ብለው የሚጠሯት ሴት ግን አንዲት ሰው አልነበረችም፤ ለብዙ ድምፆች በጅምላ የተሰጠ ስም ነው።

በ1949 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለፍርድ ቀረበች። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንድ ግልጽ ድርጊት ላይ ሁለት ምስክሮችን ስለሚጠይቅ፣ ከሬዲዮ ጣቢያው ሁለት ሰዎች ቀርበው ስለ መርከቦች መስጠም ስትናገር ሰምተናል ብለው መሰከሩ። ከስምንት ክሶች በሰባቱ ነጻ ስትሆን በዚህች በአንዷ ተፈረደባት፤ አሥር ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት። ከስድስት ዓመት በላይ ታሰረች። በ1976 ሁለቱ ምስክሮች ተገድደን ያየነውን ሳይሆን የተባልነውን ተናገርን ብለው ለአንድ የቺካጎ ጋዜጠኛ አመኑ፤ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሥልጣን ሊለቁ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በጃንዋሪ 19 ቀን 1977 ምሕረት አደረጉላት። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡልኝ። ጆይስ የእርሱ ያልሆነውን ዜግነት የእኔ ነው ብሎ ዋሽቶ ሞተ። አይቫ የእርሷን ዜግነት አልክድም ስላለች ተከሰሰች፤ ያን ጊዜ ፈርማ ጃፓናዊት ሆና ቢሆን ኖሮ አሜሪካን ከዳሽ የሚላት ባልነበረ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሳነብ አይቫ ታሳዝነኛለች፤ ጆይስ አያሳዝነኝም። የሁለቱም ችሎት ግን ያሳስበኛል፤ በሁለቱም ቦታ ሕዝቡ አስቀድሞ ድምፁን ጠልቶ፣ ሕጉ ለዚያ ጥላቻ የሚሆን መንገድ ሲፈልግ ይታየኛል።

ስለ ሚስቱ ለጠየቁት። ማርጋሬት የተወለደችው በእንግሊዟ ማንቸስተር ነው፤ በጀርመን ሬዲዮም ተናግራለች። ከባሏ ጋር ሲተያይ የእርሷ ከእንግሊዝ ጋር ያለው ትስስር የጠበቀ ነበር። ቢሆንም አልተከሰሰችም። በሎንዶን ታስራ ሳለች ባሏ ከመሰቀሉ በፊት እንድትጎበኘው ተፈቀደላት፤ በኋላ ተለቀቀች፤ በ1972 ሎንዶን ውስጥ ሞተች። የጆይስ አስከሬን በእስር ቤቱ ግቢ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ በ1976 ወጥቶ ወደ አየርላንድ ተወሰደ። ያረፈው በፓስፖርት ማመልከቻው ላይ ተወለድሁባት ብሎ በዋሸባት በጎልዌይ ነው።